«ቦታ የለም» ካላችሁ በጽሑፍ ስጡን

የዛሬው ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ የምታስተምሩ፣ ወረዳ ላይ የምትሠሩ ልጆቼ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው ዝለቁ። መጨረሻው ላይ የምጠይቃችሁ ነገር አለ።

የምዝገባ ሰሞን ነው። ጀሞ፣ ለቡ፣ መካኒሳ፣ ሳሪስ፣ ሃና ማርያም፣ በየትኛውም የመንግሥት ት/ቤት በር ብታልፉ ወላጅ ተሰልፎ ታያላችሁ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የወላጅ መታወቂያ፣ የክትባት ካርድ፣ ጉርድ ፎቶ። ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። መስከረም ላይ ልጁ ክፍል ይገባል። ስለ ትምህርቱ ጥራት ሌላ ቀን እንጨቃጨቃለን፤ ቦታ ግን ያገኛል። ሰፈሩ ያለው ት/ቤት ቢሞላ እንኳ ርዕሰ መምህሩ «እዚያኛው ሂዱ» ብሎ ስም ጠርቶ ይልካቸዋል።

አንዳንድ ልጅ በዚያው በር ሲመጣ ግን ነገሩ ሁሉ ይቀየራል። ሰባት ዓመት ሞልቶት አፉን ያልፈታ ልጅ። ሲጠሩት የማይዞር ልጅ። ዳውን ሲንድሮም ያለባት ልጅ። በእናቷ ጀርባ የመጣች፣ እግሯ የማይታዘዝላት ልጅ። ሰልፉ ላይ ሆነው ሰው ያያቸዋል፣ እናትየው መታየቷን ታያለች። ተራዋ ሲደርስ መዝገቡ ይዘጋና ወሬው በቃል ይሆናል። «እህቴ፣ እኛ ጋ ለእሱ የሚሆን መምህር የለንም። ልዩ ትምህርት ቤት ብትወስጂው ነው የሚሻለው።» የትኛው ልዩ ትምህርት ቤት? «እ... መካኒሳ አንድ አለ መሰለኝ።» መካኒሳ ያለው እኮ መስማት ለተሳናቸው ነው። የእሷ ልጅ ይሰማል። ይህንን የምታውቀው ግን ሁለት ታክሲ ተሳፍራ እዚያው ደርሳ ነው።

በዚህ ክፍለ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ አስተምሬአለሁ። የሰፈር ሰው «ቲቸር» ስለሚለኝ ትምህርት የሚባል ነገር ሁሉ እኔ ጋ ያለ ይመስላቸዋል። እናቶች ይመጣሉ። «ጋሼ፣ የሚያውቁት ሰው ካለ...» ነው የሁሉም አጀማመር። አንዷም «ጋሼ፣ ሕጉ ምን ይላል?» ብላኝ አታውቅም። አልፈርድባቸውም። እዚህ አገር ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ ቦታ የሚገኘው ሰው በማወቅ እንደሆነ ከማንም በላይ የገባቸው እነሱ ናቸው።

መንገዱን እንደሚነግሩኝ ላስቀምጠው፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ብዙም አይለያይም። መደበኛው ት/ቤት ወደ «ልዩ» ይልካታል። ልዩው ማዕከል «የሐኪም ወረቀት አምጪ» ይላታል። ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፍላታል። የሕፃናት አእምሮ ጤና ክሊኒክ ያላቸው የመንግሥት ሆስፒታሎች ለብዙ ዓመታት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የካቲት 12 ከእነሱ አንዱ ነው። እዚያ የሚመጣው የአዲስ አበባ ሰው ብቻ አይደለም፣ ከክፍለ ሀገርም ይመጣል። ቀጠሮ ይሰጣታል። ወሩ ሲደርስ ትሄዳለች፤ ወረቀቱን ትይዛለች፤ ወደ ማዕከሉ ትመለሳለች። «ስልክሽን ተይልን፣ ቦታ ሲገኝ እንደውላለን።» በዚህ መሀል ልጁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። በዚህ መሀል እሷ ሥራ ትታለች፣ ልጁን የሚይዝላት የለማ። አንዳንዷ ቤት ደግሞ አባትየው እንጀራ ፍለጋ ብሎ እንደወጣ ቀርቷል።

እስቲ ልብ በሉልኝ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከተጻፈው ወረቀት ውስጥ ስለ ት/ቤት የሚያወራ አንድም የለም። ሐኪሙ ጽፏል። ርዕሰ መምህሩ አልጻፈም። ማዕከሉ ስልክ መዝግቧል እንጂ መልስ አልሰጠም። ወረዳው ልጁ መኖሩንም አያውቅ። የዛሬው ጽሑፌ ዋና ነገር ይኸው ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ያለውን እናመስግን። ያለው ነገር ትንሽ ቢሆንም የመጣው በቀላሉ አይደለምና።

መካኒሳ ያለውን መስማት የተሳናቸው ት/ቤት የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በንጉሡ ዘመን ሚሲዮናውያን የጀመሩት ነው። ከት/ቤቱ ሰዓት ጋር ታክሲ ውስጥ ከተገጣጠማችሁ በእጃቸው ሲቀላለዱ አይታችኋል፤ ከእኛ በላይ ነው የሚያወሩት። በጅማ መንገድ ወጣ ስትሉ ሰበታ አለ፣ መርሐ ዕውራን። አዳሪ ት/ቤት ነው፤ ከዚያ የወጡ ማየት የተሳናቸው ጠበቆች፣ መምህራን፣ ጋዜጠኞች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ከእነሱ አንዱን ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። በስሌትና በስታይለስ ቀዳዳ ቀዳዳ እያደረገ ሲጽፍ ድምፁ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ክፍሉን ሙሉ ያረብሸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የማስታወሻ ፍጥነቴን በእሱ ድምፅ ነበር የምመጥነው፤ እሱ ሲያቆም እኔም ቀጣዩን ዐረፍተ ነገር እጀምራለሁ። ዛሬ የሕግ ሰው ነው። ልብ በሉ፣ ዘጠነኛ ክፍል ከእኛ ጋር በመደበኛው ክፍል ተቀምጦ ሊማር የቻለው ከዚያ በፊት ሰበታ ብሬል የሚያስተምረው ሰው ስላገኘ ነው። ይህንንም ያዙልኝ።

ኦቲዝም ሲባል ደግሞ የወይዘሮ ዘሚ የኑስን ስም ሳያነሱ ማለፍ ነውር ነው። አሜሪካ ኖራ የተመለሰች፣ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ የከፈተች ሴት ነበረች። ልጇ ኦቲዝም አለበት። በየት/ቤቱ ሲመለስባት፣ ሌሎች እናቶችም እንደሷ እንደሚንከራተቱ ስታይ፣ ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁማ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። በጥቂት ልጆች ነው የጀመረችው። «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የሚባል፣ በፊደላችን ላይ የተመሠረተ ማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅታለች። በ2013 ዓ.ም. እስክታርፍ ድረስ በየመድረኩ፣ በየቴሌቪዥኑ «ልጆቻችንን አትደብቁ» ስትል ኖረች። ነህምያ ኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ ከእናት ልብ የወጣ ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ማኅበርም በወላጆች የቆመ ነው።

አያችሁ ነገሩን? መስማት ለተሳናቸው ሚሲዮን፣ ለኦቲዝም እናት፣ ለአእምሮ ዕድገት ውስንነት የወላጅ ማኅበር። እነዚህ ሰዎች በሠሩት ላይ ምንም ክፉ አይወጣኝም። ግን አንድ እናት ከፍታ በሠራችው ማዕከል በር ላይ ሌሎች መቶዎች ወረፋ ሲይዙ፣ የወረፋው ባለዕዳ ያቺ እናት አይደለችም። ከማዕከሎቹ ጋር የሚቆጡ ወላጆች ያጋጥሙኛል። «ለሀብታም ብቻ ነው»፣ «ዘመድ ያስገባሉ» ይላሉ። አንዳንዱ እውነት ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ጥያቄው ወደ ሌላ ቢሮ ነው መሄድ ያለበት። የክፍያው ነገርም አለ፤ አንዳንድ የግል ቦታ በወር የሚጠይቀው የኮንዶሚኒየም ኪራይ ያህላል። እሱን ከፍሎ የሚያስተምር ያስተምር፣ ጥሩ። የመንግሥት ሠራተኛዋስ?

አሁን የፖሊሲው ሰዎች የሚሉትን ልምጣበት። «አካቶ ትምህርት» ነው የእኛ መንገድ ይላሉ። ልጁ ከሰፈሩ ልጆች ጋር፣ በሰፈሩ ት/ቤት ይማር፤ ልዩ ት/ቤት ልጅን ከማኅበረሰቡ ይነጥላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እኔም አብዛኛውን እቀበለዋለሁ። ወረቀቱም አለን፣ ያውም ብዙ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የልዩ ፍላጎትን ጉዳይ አንስቷል። በ1998 ስትራቴጂ ወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደገና ተሻሽሎ ወጣ። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ አጽድቀናል፤ አንቀጽ 24 ሙሉውን ስለ ትምህርት ነው። ከዚያ የአሥር ዓመት ማስተር ፕላን መጣ፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2025። አሥር ዓመቱ አለቀ እኮ!

ማስተር ፕላኑ ውስጥ የወደድኩት ነገር የድጋፍ ማዕከላት ሐሳብ ነው፣ በተለምዶ «ሪሶርስ ሴንተር» የምንለው። አንድ ት/ቤት ማዕከል ይሆናል፤ ብሬሉ፣ የምልክት ቋንቋ መምህሩ፣ ልጁን የሚመረምረው ባለሙያ እዚያ ይቀመጣል፤ በዙሪያው ያሉት ት/ቤቶች ከዚያ ድጋፍ ያገኛሉ፤ ተዘዋዋሪ መምህር ይላካል። በወረቀት ሳነበው «በቃ፣ ይኼ ነው!» ብዬ ነበር። መሬት ላይ ስትሄዱ አንዳንዱ ጋ ደህና ሥራ አለ፤ አልክድም። አንዳንዱ ጋ ደግሞ ክፍሉ ተቆልፎ ቁልፉ ዕረፍት የወጣ ሰው ጋ ነው። የምታውቁኝ አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ፤ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ተመርቃለች። ዛሬ የምታስተምረው ሂሳብ ነው። «መምህር ጎደለ ብለው አስገቡኝ ቲቸር፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አላስታወሰኝም» አለችኝ። ሂሳቡን በደንብ ታስተምረዋለች፣ እሱ አይደለም ነገሩ።

ሃምሳ ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል፣ አንድ መምህር፣ የአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ ኋላ ወንበር ላይ አንድ መስማት የተሳነው ልጅ። ስሙ መዝገብ ላይ አለ። «ተካቷል» ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል። ልጁ ግን ከጠዋት እስከ ማታ አንድ የሚገባውን ቃል ሳያይ ይመለሳል። እኔ ይህንን መካተት አልለውም። የስምምነቱ አንቀጽ 24 እራሱ፣ ማየትና መስማት ለተሳናቸው ልጆች ለእነሱ በሚመች ቋንቋና ዘዴ፣ በተሻለ በሚያድጉበት አካባቢ ይማሩ ነው የሚለው። መስማት ለተሳነው ልጅ ያ አካባቢ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ሌሎች በእጃቸው የሚያወሩ ልጆች ባሉበት ነው። ቀደም ሲል ያዙልኝ ያልኳችሁ የሰበታው ልጅስ? እሱ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተካተተ። እንዲካተት ያበቃው ግን ልዩው ት/ቤት ነው። ስለዚህ «ልዩ ት/ቤት ወይስ አካቶ» የሚለው ክርክር አዳራሽ ውስጥ ጥሩ ነው። ለጀሞዋ እናት ግን ምርጫው በሁለቱ መካከል አይደለም፤ በቤትና በቤት መካከል ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም። ልጅቷ ሕፃን ሳለች ታዝላት ነበር፤ አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ትከብዳለች። የሕንፃ አዋጁ 624/2001 ሕዝብ የሚጠቀምበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች አዝዟል። ደረጃው አዋጁን አላነበበም።

ቁጥር ከፈለጋችሁ፣ ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያወጣው መጽሐፍ አለ። በ2012 ዓ.ም. አካባቢ የነበረው አኃዝ ልዩ ፍላጎት ካላቸው ልጆች ውስጥ አንደኛ ደረጃ የተመዘገቡት ከአሥሩ አንድ ገደማ ብቻ መሆናቸውን ያሳያል። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል። መንግሥት ራሱ ያተመው ነው። የቀሩት ዘጠኙ ስም፣ አድራሻና ዕድሜ ግን በየትኛውም መዝገብ የለም። ግምት ናቸው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ነገር ልመለስ።

ለምንድነው በጀት የማይመደበው? አንድ የወረዳ ባለሙያ፣ ቅን ሰው ነው፣ ቁጭ ብለን ሻይ እየጠጣን ጠየቅሁት። «ጥያቄ የለም እኮ» አለኝ። «በዓመት ሁለት ሦስት ሰው ነው የሚመጣ።» ይታያችሁ! እኔ ቤት እንኳ በአንድ ክረምት ከዚያ በላይ ሰው ይመጣል። ግን ውሸቱን አይደለም። እሱ ጋ የሚመጣው በጣም የደፈረው ነው። ሌላው በቃል ተጠይቆ በቃል ተመልሷል፤ በቃል የተመለሰ ሰው ደግሞ አይቆጠርም። ርዕሰ መምህሩ «የለንም» ሲል ምንም አልተፈጠረም፤ እምቢ ያለበት ወረቀት የለ፣ ሪፖርት ላይ «ያልተቀበልናቸው ተማሪዎች» የሚል ሳጥን የለ። ከዚያ በዓመቱ መጨረሻ «የልዩ ክፍሉ ተማሪ አነስተኛ በመሆኑ» ተብሎ ክፍሉ ለሌላ ሥራ ይዞራል።

የከተማው አስተዳደር ሲፈልግ እንደሚችል አይተናል። የምገባ ፕሮግራሙን ተመልከቱ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ት/ቤቶች ስንት መቶ ሺህ ልጅ በየቀኑ እየበላ ይማራል። ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙ መጣ። ብዙ ነገር አማርሬ የምጽፍ ሰው መሆኔን ታውቃላችሁ፤ ይሄን ግን አደንቃለሁ፤ ከቤቱ ቁርስ ሳይበላ የሚመጣ ልጅ ማስተማር ምን እንደሆነ ስለማውቅ። እንዴት ተቻለ? ልጅ ተቆጠረ። ለአንድ ጭንቅላት አንድ ሳህን። አሁን የኔን ጥያቄ አስቡት፤ ሳህኑ የሚቆጠረው በተመዘገበ ተማሪ ነው። ት/ቤት ያልተቀበለው ልጅ ትምህርቱን ብቻ አይደለም ያጣው፣ ምሳውንም ነው። ከሁሉም ልጆች ይበልጥ የሚያስፈልገው እሱ ሆኖ ሳለ።

ለንደን የምትኖር የቀድሞ ተማሪዬ አለች፤ ልጇ ኦቲዝም አለበት። የእነሱን አሠራር በስልክ አስረድታኛለች። እንግሊዝ ውስጥ በ2014 የወጣ የሕፃናትና የቤተሰብ ሕግ አለ። ወላጅ ለአካባቢው አስተዳደር ያመለክታል፤ አስተዳደሩ ልጁን አስመርምሮ የሚያስፈልገውን ሁሉ የያዘ ሰነድ ያወጣል፤ ከጥያቄው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሰነድ 20 ሳምንት ነው የተሰጠው። ሰነዱ ላይ የት/ቤቱ ስም ይጻፋል፤ ስሙ የተጻፈው ት/ቤት በገንዘብ ከመንግሥት የሚተዳደር ከሆነ «አልቀበልም» ማለት አይችልም። እምቢ ከተባለችም በደብዳቤ ነው የምትባለው፤ ያንን ደብዳቤ ይዛ ልዩ ፍርድ ጉባኤ ትሄዳለች። እሷም ሄዳለች። «ገነት እንዳይመስልዎት ጋሼ፣ ሃያው ሳምንት ስንቴ ያልፋል፣ እኔም ዓመት ሙሉ ተከራክሬአለሁ» አለችኝ። አውቃለሁ፣ እዚያም ወላጅ ያለቅሳል። ግን የምትከራከርበት ነገር አላት። በእጇ ወረቀት አለ።

«አንተ ደግሞ እንግሊዝን ከእኛ ጋር!» እንደምትሉኝ ስለማውቅ ጎረቤታችንን ልጥቀስ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1984 በዴንማርክ ድጋፍ የትምህርት ነክ ምርመራ ማዕከላትን ጀመረች። ልጁ መጀመሪያ እዚያ ይታያል፣ ከዚያ የት መማር እንዳለበት ይመራል። የራሳቸው ሮሮ አላቸው፤ ባለሙያው ይጎድላል፣ መሣሪያው ያረጃል። በሩ ግን የት እንደሆነ ይታወቃል። እኛ ጋ ስንት በር አለ? ስንት በር እንዳለ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ሕንፃ ነገ ይሠራ አልልም። ገንዘብ እንደሌለ ይገባኛል፤ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ንዑስ 5 ላይ ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች የሚደረገውን እንክብካቤ «አቅም በፈቀደ» ብሎ አጥር አበጅቶለታል። ባለሥልጣን ሁሉ የሚጠቅሰው እሱን ነው። ከሱ ከፍ ብሎ ያለውን ንዑስ 3 ግን ማንም አይጠቅስም። በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄድ ማኅበራዊ አገልግሎት ዜጋ ሁሉ በእኩልነት የመጠቀም መብት አለው ነው የሚለው። እዚህ ላይ «አቅም ከፈቀደ» የለም። የጎረቤቱ ልጅ በመንግሥት ገንዘብ ተመዝግቦ፣ የእሷ ልጅ በቃል ከተመለሰ፣ ይህ የአቅም ጉዳይ አይደለም።

የምለው ቀላል ነገር ነው፤ የሚፈጀውም ወረቀትና ማኅተም ነው። ማንኛውም የመንግሥት ት/ቤት ልጅን አልቀበልም ካለ ምክንያቱን ጽፎ ለወላጅ ይስጥ፤ አንዱን ግልባጭ ለወረዳው ትምህርት ጽ/ቤት ይላክ። ወረዳው ይመዝግብ፤ ክፍለ ከተማው ይደምር። ልጁ አንዴ በሐኪምና በባለሙያ ከታየ ያ ወረቀት የትም ይሥራ፤ በየማዕከሉ እንደ አዲስ «ሂጂ አስመርምሪ» አይባል። በመንግሥትም በማኅበርም ያሉ ልዩ ክፍሎችና ማዕከላት ወረፋቸውን በአንድ መዝገብ ያገናኙ። ዛሬ አንዲት እናት አራት ቦታ ስልክ ትታለች፤ አራቱም ጋ ስንተኛ እንደሆነች አታውቅም፤ አንደኛው ቢደውልላት ሌሎቹ ሦስት ላይ ስሟ እንደተንጠለጠለ ይቀራል።

ወረፋው በምን ይሂድ የሚለው ላይ ከአንዳንድ ወዳጆቼ ጋር አልተስማማንም። እነሱ «ቀድሞ የተመዘገበ ቀድሞ ይግባ» ይላሉ፤ ንጹሕ ነው፣ ዘመድ አያውቅም። እኔ ግን መስማት ለተሳነው ልጅ ትንሹ ይቅደም እላለሁ። ቋንቋ ጊዜ አለው። የአራት ዓመት ልጅ በእጁ ማውራት ከጀመረ ዓለም ይከፈትለታል፤ አሥራ ሁለት ዓመት ምንም ቋንቋ ሳይኖረው የቆየን ልጅ አስተምረው የሚያውቁ መምህራን ምን ያህል እንደሚከብድ ይነግሯችኋል። ያ ማለት ግን የአሥራ ሁለት ዓመቱን ልጅ «አልፎብሃል» ማለት ነው? ለእሱም የሚሆን ክፍል መኖር አለበት። አንዱን ስታስቀድም ሌላውን እየገፋህ ነው፤ ይህ ምርጫ ይከብዳል። አሁን ግን ምርጫውን የሚያደርገው ስልክ ቁጥር ነው፤ ማን ማንን ያውቃል የሚለው። ክፉ መስፈርት እንኳ በአደባባይ ከተጻፈ ሰው ተከራክሮ ያስተካክለዋል።

የወረዳው ወዳጄ ይህን ስነግረው «ቦታ በሌለበት መመዝገብ እኮ ሰውን በተስፋ መግደል ነው» አለኝ። አይደለም ወዳጄ። እነዚህ እናቶች እኮ ተስፋቸውን ይዘው በየቢሮው፣ በየሆስፒታሉ፣ በየጸበሉ እየዞሩ ነው። እንጦጦ ወጥታ የምታድር እናት ተስፋ ለመመዝገብ ትፈራለች? ሌሎች ደግሞ «ወላጅ እራሱ ይደብቃል፣ ማን መጥቶ ይመዘገባል» ይላሉ። ድሮ ብዙ ይደበቅ ነበር፣ ዛሬም አለ፤ «እርግማን ነው»፣ «የዘር ነው» የሚል አፍ አልጠፋም። ግን አንድ ሰው ደፍሮ ልጁን ይዞ በር ድረስ መጥቶ ከተመለሰ በኋላ ቤቱ ቢቀመጥ፣ ደበቀ አይባልም።

እንግዲህ ሥራው። የተመለሳችሁ ወላጆች፣ ወይም የምታውቁት የተመለሰ ወላጅ ያላችሁ፣ ከታች ያለውን ማመልከቻ ገልብጡ። በእጅ ቢጻፍም ችግር የለውም። ለርዕሰ መምህሩ በእጅ አትስጡት፤ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ ቁጥርና ቀን አስጽፉበት፣ ቀሪውን ኮፒ ያዙ። «አንቀበልም» ቢሏችሁ ሳትጣሉ በማግስቱ ለወረዳው ትምህርት ጽ/ቤት መዝገብ ቤት አስገቡ። መምህራን ልጆቼ ደግሞ፣ ት/ቤታችሁ ልዩ ክፍል ወይም ድጋፍ ማዕከል ካለው፣ ክፍት ይሁን ዝግ፣ ስንት ልጅ እንዳለበት፣ በኢንቦክስ ጻፉልኝ። የንፋስ ስልክ ላፍቶን ዝርዝር እያሰባሰብኩ ነው፤ ስማችሁን አላወጣም።

ለ__________ ት/ቤት ጽ/ቤት
ጉዳዩ፦ የልጄን ምዝገባ በተመለከተ የጽሑፍ መልስ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ
ልጄ __________፣ ዕድሜ ____፣ በቀን ____ ለ____ ክፍል ለማስመዝገብ አቅርቤ በቃል ቦታ እንደሌለ ተነግሮኛል። ልጄ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41(3) እና ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ባጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 የመማር መብት ስላለው/ስላላት፣ (1) እንዲመዘገብልኝ/እንድትመዘገብልኝ፣ (2) የማይቻል ከሆነ ምክንያቱና ሊማርበት/ልትማርበት የሚችለው ት/ቤት ስም በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።
የወላጅ ስም፣ ስልክና ፊርማ
ግልባጭ፦ ለወረዳ ____ ትምህርት ጽ/ቤት፣ ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ክ/ከተማ ትምህርት ጽ/ቤት

መጻፍ የሚያስቸግራት እናት ካለች ወደ እኔ ላኳት። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ ልጁንም ይዛው ትምጣ፣ ግቢው ሰፊ ነው።